ወይዘሪት አን ለሰብሳቢነት

«ኮሚቴ ይቋቋም» ሲባል ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። የማስተምረው በጤና ሳይንስ ኮሌጅ ስለሆነ ደግሞ ይህን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። ጣሪያ ሲያፈስ ኮሚቴ ይቋቋማል። ተማሪ ሲጣላ፣ መምህር ሲያረፍድ፣ የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ሲጠፋ ኮሚቴ ይቋቋማል። ጥርስ መንከስ መንጋጋ ከማሳመም በቀር ያመጣልኝ ነገር ስለሌለ ከዛሬ ጀምሮ ጎራ ቀይሬያለሁ። ኮሚቴ ይለምልም! የኮሚቴ ጠላት ይውደም!

መቼም የእኛ ኮሌጅ የታደለ ነው። የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ አለን፤ የፈተና፣ የዲሲፕሊን፣ የቅጥር፣ የደረጃ ዕድገት፣ የጥራት ማረጋገጫ፣ የተግባር ልምምድ ኮሚቴ አለን። የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ ግብረ ኃይልም ጨምረናል፤ ግብረ ኃይሉ ከኮሚቴ የሚለየው ሰብሳቢው ይበልጥ ስለሚቆጡ ነው። በየአንዳንዱ ሥር ንዑስ ኮሚቴ አለ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ቦርድ፣ ፕሬዚዳንት፣ ሴኔት እያለ ወርዶ ወርዶ የትምህርት ክፍል ዘንድ ሲደርስ ደክሞት የቆመ ይመስላል። እኛ አልደከመንም። ከዚያ በታች ያለውን በራሳችን ጉልበት ቆፍረናል።

የጤና ኮሌጅ መሆናችን ራሱ ለኮሚቴ ይመቻል። ሐኪም አለ፣ ጤና መኮንን አለ፣ ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስት፣ የላብራቶሪና የአንስቴዥያ ባለሙያ አለ። ያልተወከለ ሙያ ተንቋል። ስለዚህ ስለ አንድ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ለመነጋገር ሰባት ተወካይ፣ ሰባት ተለዋጭ፣ አንድ ሰብሳቢ (ሐኪም ናቸው፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም) እና አንድ ጸሐፊ (ነርስ ናቸው፤ ይህም አይጠየቅም) ይቀመጣሉ። የማዋለድ ልምምድ ክፍላችን በር ሦስት ጓጉንቸር አለው። ነርሲንግ የአንዱን ቁልፍ ይዟል፣ ሚድዋይፈሪ የአንዱን፣ ሕክምና የአንዱን። ሦስቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። እስካሁን ከውስጥ አንድም ዕቃ አልተሰረቀም። የሠለጠነበትም ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ስብሰባው ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ሰብሳቢው ይመጣሉ፤ ምልአተ ጉባኤው አልሞላም። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ሊሞላ ሲል ቀድመው የመጡት ሁለቱ «ተማሪ እየጠበቀን ነው» ብለው ይወጣሉ፤ እንደገና ይጎድላል። እንደምንም ሲሞላ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል። አንድ ባልደረባ «ገጽ 2 ላይ ‹ተወያይቷል› የሚለው ‹በስፋት ተወያይቷል› ተብሎ ይስተካከልልኝ» ይላሉ። በስፋት እንወያይበታለን። ቀጥሎ ዕድል የተሰጠው ሰው «ሐሳቤ ተነሥቷል፤ ነገር ግን» ብሎ ይጀምራል፤ ሐሳቡ መነሣቱን በደንብ ካስረዳ በኋላ ራሱን ሐሳቡን ያነሣዋል። የሚቀጥለው «የቀደሙትን ለማጠናከር ያህል» ይላል። ለሕመምተኛ እንዲህ ተጠናክሮ የተሰጠ መድኃኒት ቢኖር መመረዝ ይባል ነበር። መጨረሻ ላይ «አቅጣጫ ይቀመጥ» ይባልና ይቀመጣል። እኔ ከተቀመጠበት የተነሣ አቅጣጫ አይቼ አላውቅም።

ሌሎቹን ጥቅሞች በአጭሩ ልለፋቸው። የታሸገ ውሃ ነጋዴ ይከብራል። ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ያለው ሕመምተኛ ትዕግሥት ይማራል። የቃለ ጉባኤ ፋይል የተደረደረበት መደርደሪያ የመዝገብ ቤቱን የተሰነጠቀ ግድግዳ ደግፎ ይዟል፤ ስንጥቁን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ ፋይልም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ወይዘሪት አን ልምጣ።

ወይዘሪት አን የልብና የትንፋሽ ማነቃቂያ መለማመጃ አሻንጉሊታችን ናት። ዘሯ ከኖርዌይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 አስሙንድ ላርዳል የተባለ አሻንጉሊት ሠሪ ነው ያወጣት። ፊቷ የተቀዳው በፓሪስ ሴን ወንዝ ሰምጣ ሞተች ከምትባል፣ ስሟ ከማይታወቅ ወጣት የፊት ቅርጽ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ደረትን ከውጭ በመጫን ብቻ የቆመ ልብ ደም እንዲገፋ ማድረግ እንደሚቻል ጽፈው አሳወቁ። የእኛዋ አን ከወገቧ በታች የላትም። ሳንባዋ ስስ የላስቲክ ከረጢት ነበር፤ ተቀደደ። ትንፋሽ ሲሰጧት ደረቷ አይነሣም፤ አየሩ በአንገቷ ሥር ሽው ብሎ ይወጣል። ቴክኒሻኑ ደብዳቤ ጻፈ። ትምህርት ክፍሉ ለኮሌጁ መራው፣ ኮሌጁ ለክህሎት ላብራቶሪ ኮሚቴ መራው፣ ኮሚቴው ለቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ መራው፣ ንዑስ ኮሚቴው «ንብረቱ በአካል ቀርቦ ይታይ» ሲል ወሰነ። አንድ ረቡዕ ቴክኒሻኑ አንን በብብቱ ሸጉጦ ገባና ጠረጴዛው ጫፍ ባለች ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጣት። በዚያች ሰዓት ምልአተ ጉባኤው አንድ ሰው ጎድሎት ነበር። ሰብሳቢው ዙሪያውን በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። «ሞልቷል፤ እንጀምር» አሉ።

ማንም አላረማቸውም። እኔም ዝም አልኩ፤ የኮሌጃችን መጻኢ ዕድል በዚያች ቅጽበት ተገልጦልኝ ነበርና። አን ቋሚ አባል ትሁን!

በሰዓቷ ትገኛለች። ስልኳ አይጮህም። አፏ ሁልጊዜ ገርበብ ስላለ አሁን አሁን ልትናገር ነው ያሰኛል፤ ግን «ለማጠናከር ያህል» አትልም። በወገንተኝነት አትታማም፤ ሰባቱም ሙያ ደረቷን እኩል ተጭኗታል። ድምፅ መስጠትም ትችላለች፤ ደረቷ በትክክል 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ «ቀጭ» ትላለች። ስለዚህ ጸሐፊዋ ይጫኗታል። «ቀጭ» ካለች ደግፋለች፤ ዝም ካለች ድምፀ ተዓቅቦ ተብሎ ይመዘገባል። ተቃውሞ የላትም። በዚህ አጋጣሚ ጸሐፊያችን ትክክለኛውን ጥልቀት ይለምዳሉ፤ ከስብሰባችን ክህሎት ይዞ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ይሆናሉ ማለት ነው።

ነገሩ በአንድ ኮሚቴ አይቆምም። እንዲህ ያለ አባል ያገኘ ሰብሳቢ ለሰብሳቢ ያወራል። የፈተና ኮሚቴ ያስጠራታል፣ የቅጥር ኮሚቴ ያስጠራታል። ረቡዕ ከሰዓት አራት ቦታ ስለምትፈለግ ሌሎች አሻንጉሊቶች ይገዛሉ። ገንዘቡ በሳምንት ውስጥ ይገኛል፤ ለማስተማሪያ ቢሆን ነበር የሚያከራክረው፤ ይህ የምልአተ ጉባኤ ጉዳይ ነው። አዲሶቹ ሳንባቸው ሙሉ ነው፤ እንዳይቆሽሹ ግን ላስቲካቸው አይነሣም፤ እንደታሸጉ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ጣጣ ይመጣል። የሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ ተማሪዎች ማታ በመስኮት ገብተው የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ አባላትን መሬት ላይ አስተኝተው፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ደረት ደረታቸውን ሲጫኗቸው እጅ ከፍንጅ ይያዛሉ። ክሱ «የኮሚቴ አባልን ክብር በሁለት መዳፍ መድፈር» ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢዋ አን ናት። ተማሪዎቹ 30 ጊዜ ተጭነው 2 ትንፋሽ መስጠታቸውን አይክዱም። «ያውም በትክክል ነው የሠራነው» ብለው ጥፋታቸውን ያከብዱታል። ቅጣቱ ይቀርባል፤ ጸሐፊዋ አንን ይጫናሉ። «ቀጭ»። ለአንድ ዓመት ታግደዋል።

የደረጃ ዕድገቷም አይቀር። አገልግሎቷ ከ1960 ይቆጠራል። የኅብረተሰብ አገልግሎት ነጥቧ ሙሉ ነው፤ እሷ ላይ ተለማምዶ የሰው ነፍስ ያተረፈ በየአገሩ አለ። ይጎድላት የነበረው የኮሚቴ ተሳትፎ ነበር፤ እሱም ተሟልቷል። ተባባሪ ፕሮፌሰር ትሆናለች። የጡረታ ጊዜዋ አልፏል የሚል ቢነሣ፣ የማይተነፍስ አካል ዕድሜው እንዴት እንደሚቆጠር የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ እስኪያጣራ ድረስ አካዳሚክ ኮሚሽኑን ትመራለች። ያን ጊዜ እኛ መምህራን ረቡዕ ከሰዓት ሥራ ፈት እንሆናለን፤ ክፍል ገብተን ማስተማር ሊመጣብን ነው። የሐሳቤ ብቸኛ ጉድለት ይህ ስለሆነ ቀስ ብለን እናየዋለን።

የአን ሳንባ እስካሁን አልተገዛም፤ እስኪገዛ ድረስ እሷም ወደ ክፍል አልተመለሰችም። ተማሪዎቼ ደረት መጫን የሚለማመዱት በትራስ ነው። ትራስ ወደ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ይግባ 6 አይናገርም። ባለፈው አንዷ ልጅ እጇን ከትራሱ ሳታነሣ ቀና ብላ «መምህር፣ ገባ?» አለችኝ። ትራስ ሁልጊዜ ይገባል። ይህች ልጅ ተመርቃ አንድ ሌሊት በጤና ጣቢያ ብቻዋን ተረኛ ትሆናለች፤ ልቡ ቀጥ ያለ ሰው በቃሬዛ ያመጡባታል። አንጎል ደም ከተቋረጠበት ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጎዳት ይጀምራል። ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

ኮሚቴ የምናበዛው ፊርማ ስለምንፈራ ነው። ከረጢቱን በራሱ ፊርማ የገዛ ሰው ኦዲተር ሲመጣ ይጠራል፤ ሦስት ፕሮፎርማ የታለ፣ ለምን ከዚህ ሱቅ፣ ለምን በዚህ ዋጋ ይባላል። ያልገዛ ሰው ተጠርቶ አያውቅም። ተማሪዎችህ በትራስ ተመረቁ ተብሎ የተጠየቀ ዲን ሰምቼ አላውቅም። አሥራ ስድስት ሰው የፈረመበት ስሕተት ባለቤት የለውም፤ አሥራ ስድስት ሰው ሳይፈርምበት የቀረ ደግሞ ጭራሽ ስሕተት አይባልም፤ «በሂደት ላይ» ይባላል።

ሁሉም ኮሚቴ ይፍረስ አላልኩም። በአሜሪካ፣ ቱስኬጊ ላይ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁሮች ሳይታከሙ የበሽታው አካሄድ ይጠናባቸው ነበር። የሄልሲንኪ መግለጫ በ1975 ሲሻሻል የምርምር ዕቅድ በገለልተኛ ኮሚቴ እንዲታይ የጠየቀው እንዲህ ያለ ጉድ ከታየ በኋላ ነው። ተመራማሪ የራሱን ጥናት ራሱ አያጽድቅ፤ መምህርም ብቻውን ተማሪ አያባርር። ለዚህ ጥሩኝ፣ እስከ ማታ እቀመጣለሁ። ችግሩ፣ ሰው ላይ የሚደረገውን ጥናት የሚመረምሩት እነዚያው የከረጢቱ ኮሚቴ አባላት ናቸው፤ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሮጡ የጥናቱን ሰነድ የሚገልጡት በር ላይ ነው።

ሙያዎችን ለማገናኘትም ኮሚቴ ግድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒተሪያን ያሠለጥን ነበር። የሦስቱ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችን ትከታተላለች፣ አንዱ የምንጩንና የመጸዳጃውን ነገር ያያል። ሙያዎች የሚገናኙት በሽተኛው ያለበት ቦታ ነበር። አሁን የሚገናኙት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው፤ በሽተኛው አጀንዳ ላይ የለም።

በኮሌጃችን ብቻውን የሚወስን አንድ ሰው አለ፤ የሰርቪሱ ሹፌር። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ክላክሱን ሲያንባርቀው እኛ ገና ሁለተኛው አጀንዳ ላይ ነን። ያኔ ተአምር ይታያል። ሐሳቡ የተነሣበት ሰው «ይለፈኝ» ይላል፤ የሥርዓት ጥያቄ የነበረው እጁን ያወርዳል፤ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው አጀንዳ ወንበር እየተገፋ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። የአን ሳንባ ስምንተኛ ላይ ነው። ለቴክኒሻኑ ትንሽ የግዥ ፈቃድ ስጡትና ሄዶ ይግዛው። ይህ ካልተቻለ ሹፌሩን ለምኑልኝ፤ ክላክሱን 8 ሰዓት ላይ ያድርግ።