ጠይቆ መጠበቅ

የፕላዝማዋ መምህርት እኛን ሳታየን ታመሰግነን ነበር። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ፈገግ ብላ ትንሽ ታፈጥብናለች፣ ከዚያ «ዌል ደን!» ትላለች። የመለሰ ሰው ግን የለም። ግማሻችን ጥያቄው ራሱ አልገባንም፤ የቀረነው ደግሞ ሴትዮዋ ጆሮዋ ላይ ያደረገችው ጉትቻ ወርቅ ይሁን አይሁን እንከራከራለን። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይትና በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ እኛ የጊንጪ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በመጣ እንግሊዝኛ ፊዚክስ ተማርን። የክፍሉ መምህር ሪሞቱን ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል። መብራት ሲሄድ ግን የክፍሉ ጌታ ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል፤ መምህራችን ጠመኔውን አንስቶ ሴትዮዋ እየሮጠች ያለፈችውን በአማርኛና በኦሮምኛ እያዋዛ ቀስ ብሎ ያስኬደናል። ስለዚህ መብራት እንዲሄድ እንጸልይ ነበር። ጸሎታችን ደግሞ አዘውትሮ ይሰማል።

ይህን የማነሳው ለቂም አይደለም፤ ዛሬ ፕላዝማው እኔ ሆኜ ነው። አምቦ ላይ የአፈር ትምህርት አስተምራለሁ። ትምህርት ሚኒስቴር ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ለከፍተኛ ትምህርት የኢ-ለርኒንግ ፕሮግራም ከጀመረ ወዲህ «ኮርስህን ኦንላይን አድርገው» የሚለው ቃል በየመምህሩ ቤት ገብቷል። እኔም ቤት ገባ። እናም ኦንላይን ማስተማርን በኦንላይን ልማር ተመዘገብሁ።

አሠልጣኙ መጀመሪያ የነጠቀኝ ግሥ ነው። «ተማሪው የአፈርን አሲዳማነት ይረዳል» ብዬ ዓላማ ብጽፍ ቀይ መስመር ላከልኝ። መረዳቱን በምን ታየዋለህ? ነገሩ እነ ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1956 ካወጡት የትምህርት ዓላማዎች ምደባ የተቀዳ ነው፤ ዓላማ ሲጻፍ ተማሪው ሲሠራው የሚታይ ነገር ይሁን፣ ይለካ፣ ያስላ፣ ያወዳድር ይላል አሠልጣኙ። እናቴ ይህን ያለ ብሉም ታውቀው ነበር። «ገባህ?» ትለኛለች። «አዎ» እላለሁ። «እስቲ አድርገው!»

ቀጥሎ ቪዲዮ መጣ። ፊሊፕ ጉዎ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 6.9 ሚሊዮን ያህል የቪዲዮ እይታዎችን መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ውጤት ተማሪ ከ6 ደቂቃ በላይ እምብዛም አብሮህ አይቆይም የሚል ነው። 6 ደቂቃ! በእኛ አገር ሰላምታው ብቻ ይፈጀዋል። የሰውየውን፣ የልጆቹን፣ የከብቶቹንና የዝናቡን ደኅንነት ሳይጠይቁ ዘው ብሎ ወደ ፒኤች መግባት ብልግና ነው። ይሁን እሺ፣ ሰላምታውን ቆረጥሁት።

ቀረጻውን በሐምሌ ለመጀመር የወሰነ ሰው ምዕራብ ሸዋን አያውቅም ወይም ቤቱ ቆርቆሮ አይደለም። ዝናቡ ሲመጣ ከኔ ድምፅ ይልቅ እርሱ ያስተምራል። ሲያባራ ባጃጁ፣ ባጃጁ ሲያልፍ የጎረቤት አህያ። ስለዚህ ሌሊት ሆነ። አከራዬ አዴ በግድግዳው ወዲያ ለብዙ ምሽት ሰማችኝ መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት ቡና ላይ አንገቷን አቀርቅራ፣

«ልጄ፣ ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ።

«ከተማሪዎቼ ጋር ነው፣ አዴ።»

«የታሉ?»

«ወደፊት ነው የሚያዩት።»

ትንሽ ዝም ብላ ጉዳዩን አመዛዘነችና፣ ፍል ውሃው ገብቼ ደህና አድርጌ ብታጠብ ሳይሻለኝ እንደማይቀር በፍቅር መከረችኝ። ገባሁ። አንገት ድረስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ስለ ኮርስ ዲዛይን ማሰብ የሥልጠናው አካል ቢሆን ኖሮ ብዙ መምህር ይመዘገብ ነበር።

ትምህርቱ እንኳ ለአገሩ የተሰፋ ነው። ደጋው ላይ የሚወርደው ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይሄዳል፤ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየሙ ይፈታና ሥሩን ያቀጭጨዋል። ገብሱ ማዳበሪያ እየበላ ይከሳል። መድኃኒቱ የእርሻ ኖራ ነው። በቪዲዮው የተፈጨ ኖራ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጌ ሲንተከተክ አሳየሁ፤ የሚወጣው ጋዝ፣ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ አገር ካዳረሰው የአምቦ ውሃ ውስጥ ሽው የሚለው ያው ጋዝ ነው አልሁ። ለማነጻጸርም አንድ ጠርሙስ ከፈትሁ። ከጠቅላላው ቪዲዮ በጥራት የተቀረጸው የክዳኑ ድምፅ ነው።

ከዚያ ጠየቅሁ፤ «የናንተ ቀበሌ አፈር ለምን አሲዳማ የሆነ ይመስላችኋል?» ጠይቄም ካሜራውን አየሁት። ካሜራው አየኝ። አፌ ላይ የመጣው ምን እንደሆነ የፕላዝማ ትውልድ ያውቀዋል።

ክፍል ውስጥስ ቢሆን መቼ ጠብቄ አውቃለሁ? ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ስንት እንደሚታገሡ በቴፕ ቀድታ ስትለካ፣ አንድ ሴኮንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው። 3 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ መልሱ ይረዝማል፣ ዝምተኞቹም መናገር ይጀምራሉ። አንድ ሴኮንድ የጄልዱ ልጅ ጥያቄውን ከእንግሊዝኛ ወደ ኦሮምኛ፣ መልሱን ከኦሮምኛ ወደ እንግሊዝኛ ሊያመላልስበት ቀርቶ ጉሮሮውን ሊጠርግበት አይበቃም። እኛ ግን ፊት ረድፍ ካለው ፈጣን ልጅ መልሱን ተቀብለን «ክፍሉ ገብቶታል» ብለን ወደ ቀጣዩ እንሻገራለን። ፕላዝማዋን ያማሁበት አፌ ያዘኝ።

ኦንላይን ሲሆን ግን መጠበቅ ግዴታ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ሁላችንም ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ወረወርን፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ድምፃዊው ሃጫሉ ተገድሎ ኢንተርኔት ለሳምንታት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። የተወለደባትና የተቀበረባት አምቦ ያን ሰሞን ትምህርት ትዝ የሚላት ከተማ አልነበረችም። ከዚያ የቀረኝ ልማድ አለ፤ ማንኛውም ትምህርት አንዴ ወርዶ ያለ ኔትወርክ የሚከፈት ይሁን፣ መመለሻው ቀንም ሰፋ ይበል እላለሁ።

ለዚህ የሚያጽናናኝ የሙድል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሙድልን ያወጣው ማርቲን ዱጊያማስ ያደገው በአውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ነው፤ የተማረው በአጭር ሞገድ ሬድዮ ነበር፣ ደብተርና መጽሐፉም በትንሽ አውሮፕላን ይደርሰው ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የሚያስተምሩበትን ሶፍትዌር የሠራው ከአገልግሎት ክልል ውጭ የነበረ ልጅ መሆኑን ሳስብ ጥቁር እንጪኒ ያሉት ተማሪዎቼ ትዝ ይሉኛል። በሌላ ወገን እነ ሰባስቲያን ትረን እ.ኤ.አ. በ2011 ከስታንፎርድ በነፃ በሰጡት ኮርስ 160,000 ሰው ተመዝግቦ የጨረሰው ከ20,000 ብዙም አልዘለለም። እኔ ግን ከተመዘገቡት አብዛኞቹን በስም ስለማውቃቸው ማምለጥ አይችሉም፤ ጉደር ገበያ ላይ እንገናኛለን።

የቤት ሥራው ከየግቢያችሁ አፈር ውሰዱ፣ ለኩ፣ ለአባታችሁ ማሳ የሚያስፈልገውን ኖራ አስሉ የሚል ነው። መልስ ከጊንጪ በማግሥቱ መጣ፣ ከጌዶ በሳምንቱ። የጄልዱው ጠፋ። ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ነው። ትቶታል ብዬ ሳለ፣ ወደ ጎጆ ከተማ ለገበያ ሲወርድ ነው መሰለኝ፣ አንድ ረጅም የድምፅ መልእክት ገባ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ በሄክታር ከ30 ኩንታል በላይ። ከኋላው ሰዎች ይነጋገራሉ፣ ድንች ይራገፋል። ከዚያ በኦሮምኛ «መምህር» ብሎ ጠርቶኝ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባ።

«ባርሲሳ፣ ስሌቱን ለአባቴ አሳየሁት። ደስ ብሎታል። ግን ይህን ሁሉ ኩንታል ኖራ ከየት አምጥቼ፣ በማን አህያ ተጭኖ፣ በስንት ብር ነው ብለህ ጠይቅልኝ ብሎኛል። መልሱን ይዤለት መመለስ አለብኝ።»

ይህ በኮርሱ ዓላማዎች ውስጥ የለም። ማዳመጤን የሚያሳዩት ሁለት ጭረቶች ወጥተዋል፤ እርሱም አይቷቸዋል። ጥቂት ቆይቶ ጻፈ፤

«ባርሲሳ፣ ኦንላይን ነዎት?»

ነኝ። እያሰብሁ ነው።