ቅቤ ሲቀር

የፍስክ በላተኛ ራሱን ደፋር አድርጎ ይቆጥራል። ጥሬ ሥጋ በአዋዜ እያጠቀሰ ሲያወርድ ላየውም ጀግና ይመስላል። ገበታውን ግን እንመርምረው፦ ጥብስ፣ ክትፎ፣ ቁርጥ፣ ቅቅል፣ ቀይ ወጥ፣ ዱለት። ስሙ ስድስት፣ በሬው አንድ። በዓል ሲሆን ዶሮ ትጨመራለች፤ እንቁላሏን አስከትላ ስለምትመጣ ሁለት ናት ብሎ የሚሟገት ካለ አልከለክለውም። የጾሙ ገበታ ላይ ደግሞ ምስር፣ አተር፣ ሽንብራ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ሰናፍጭ አሉ። እነዚህ የአንድ አካል ብልቶች አይደሉም፤ እያንዳንዱ ከየማሳው የመጣ ነው። እንግዲህ ምላሳችንን ደፋር ያደረገው የሥጋው መኖር ሳይሆን መከልከሉ ነው ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ቅቤ ነው። ቅቤ እንደ አገር ሽማግሌ አስታራቂ ነው፤ ሽንኩርቱ ቢያር፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ቢል፣ አንድ ጭልፋ ንጥር ጣል ሲደረግበት ጥፋቱ ሁሉ ተሸፍኖ ይቀራል። ዘይት እንዲህ ያለ ምሕረት አያውቅም። ስለዚህ የጾም ባለሙያ ቁሌቱን በትዕግሥት ማብሰል፣ ጣዕምንም ማንም ባልጠረጠረው ቦታ መፈለግ ግድ ሆነባት። ሱፍ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣና አጥልላ የነጣ ፈሳሽ አወጣች፤ እንጀራ ፈተፈተችበት። የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ውሃ ጋር አብስላ፣ ሰናፍጭ ጨምራ ለቀናት አስቀመጠችውና እየኮመጠጠ ስልጆ ሆነ። ይህም አልበቃትም። የሽንብራ ዱቄት አቡክታ፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጣና ጠብሳ ወጥ ውስጥ ከተተችው። ባሕር ቀርቶ ወንዝ ያላየ ዓሣ!

«ይሄማ ናፍቆት እንጂ ፈጠራ አይደለም» የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ናፍቆት ነው። ግን የሽንብራ ዓሣ ዓሣ ዓሣ አይልም፤ አይልም ብሎ ያለቀሰ ሰውም አልተሰማም። «ተገዶ የበላ ደፋር አይባልም» የሚለው ሙግት ይከብዳል። እንግሊዝ አገር በ1944 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የቪጋን፣ ማለትም ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ሁሉ የማይበሉ ሰዎች፣ ማኅበር ያቋቋሙት ወደውና ፈቅደው ነው፤ የእኛን አዋጅ ያወጣው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ነው፦ ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴ 55 ቀን፣ የፍልሰታ 15 ቀን፣ ሌላም። (ማርን በተመለከተ ግን እነሱ ከእኛ ይልቅ ጥብቅ ናቸው፤ እኛ ተልባውን በማር እንጠጣለን።) ነገር ግን ነፃ የተለቀቀ ምላስ ምን ይመርጣል? የቅበላን ዕለት ማየት ነው። ማንም ማንንም ባላስገደደበት በዚያ ቀን ከተማው በሙሉ፣ ሥጋ ከነገ ጀምሮ ከምድር የሚጠፋ ይመስል፣ አንድ ዓይነት ምግብ ላይ ይረባረባል። ሰው በነፃነቱ የሚያዘው የለመደውን ነው፤ ያልለመደውን የሚቀምሰው የለመደው ሲታጣ ነው።

መልስ የሚያሳጣኝ ሌላ ተቃውሞ ነው፦ አብዛኛው ጾመኛ ከሰኞ እስከ እሑድ ሽሮ ነው የሚበላው። እውነት ነው። አሥር ዓይነት ወጥ ዘይት ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ጓዳ የምትውል ሴት ድካም ይፈልጋል፤ የበላተኛው ጀብዱ ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ወገብ ሕመም ነው። ይህን ሳልቀበል ስለ ስልጆ ባወራ ነውር ነው። ቢሆንም ሽሮን እንደ ድህነት ምስክር ብቻ ማየት አያስኬድም። ምጥኑ ውስጥ ከእህሉ ሌላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ ገብቶበታል፤ ሥጋ ወጥ እንኳ ይህን ሁሉ በአንዴ ላያገኝ ይችላል። ደግሞም ጾሙ ተፈቶ፣ ሥጋ ቤቱ ተከፍቶ፣ ገንዘቡም ኖሮ፣ ሰው «ቦዘና» ብሎ ያዛል፤ ይኸውም እዚያው ሽሮ ውስጥ ሥጋ ተጨምሮበት ነው።