የአክስቴ የልደት ዓመት

አክስቴ ሳትናዘዝ ነው ያረፈችው። ኑዛዜ የሚል ነገር ሲነሳ «ምነው፣ ልትቀብሩኝ ቸኮላችሁ?» ስለምትል ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ባልም ልጅም አልነበራትም። አባቴ ከሞተ በኋላ ግን እኔን ያስተማረችኝ እሷ ነች፤ ደሴ የቀሩትን ወንድምና እህቷንም ስትደጉም ነው የኖረችው።

ለቅሶው ሳይወጣ ጋሼ ከደሴ ደወለ። ጋሼ የምለው አጎቴን ነው፤ በቤታችን በስሙ የሚጠራው የለም። «አንተ እዚያው አይደለህ? ባንክ ብቅ ብለህ መጠየቅ ነው» አለኝ። ለጋሼ እምቢ አይባልም።

ባንኩ ግን ፍርድ ቤት የሾመው አስተዳዳሪ ካልመጣ ምን እንዳላት እንኳ አልናገርም አለ። በሜሪላንድ ሳይናዘዝ የሞተ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅና ወላጅ የሌለው ሰው ሀብቱ ለወንድምና ለእህቶቹ ነው፤ ከእነሱ የሞተ ካለ ልጁ በአባቱ እግር ይገባል። ስለዚህ ወራሾቹ ጋሼ፣ ደሴ ያለችው አክስቴ እትዬና እኔ ሆንን። ግዛቱ የውርስ ግብርም አለው። ወንድምና እህት አይከፍሉም፣ የወንድም ልጅ ግን 10 በመቶ ይከፍላል። ቅር ያለኝ ለገንዘቡ አይደለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ «ልጄ» ስትለኝ የኖረች ሴት በወረቀት ላይ እንዲህ ስትርቀኝ ማየቱ ነው።

ጋሼ ደግሞ «ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዘህ እንዳትሄድ» ብሎ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥቶ፣ አስተርጉሞ ላከልኝ። ማንም አልጠየቀንም እኮ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። አስተዳዳሪ ሆኜ ለመሾም ሮክቪል ፍርድ ቤት ሄድኩና መስኮቱ ጋ ላለችው ሴት ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ቅጹ አናት ላይ «የሙት ልጆች ፍርድ ቤት» ይላል፤ እዚያ ግዛት የውርስ ችሎት ከጥንት ጀምሮ መጠሪያው ይኸው ነው። አባቴ ትዝ አለኝ።

ሴትዮዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አደረገች። አንዱን ጣቷን የደሴው ወረቀት 1940 ላይ፣ ሌላውን የሞት ምስክር ወረቀቱ 1948 ላይ አሳረፈችና «እህትማማቾች ናቸው?» አለችኝ። አስተርጓሚው ዓመቱን እንዳለ ነበር ያስቀመጠው። የእኛ ዘመን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በሰባት፣ ከዚያ ወዲያ በስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቀር፣ አዲስ ዓመታችንም መስከረም ላይ እንደሚብት ማስረዳት ጀመርኩ። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝና ስማችንን አየች። የአክስቴ የመጨረሻ ስም የቅድመ አያቴ ነው፣ የእኔ የአያቴ። «ታዲያ በምን ትዛመዳላችሁ?» በሰንሰለት የታሰረችውን እስክሪብቶ ይዤ ቅጹ ጀርባ ላይ የዘር ሐረጋችንን ስስል ሰልፉ ከኋላዬ ይረዝማል። ፊቴ እሳት ሆነ። ድምፄን ዝቅ ባደርግ «ጮክ በል» ትላለች፤ ጮክ ስል ሰው ሁሉ አያቴን አወቀ።

ከኋላዬ «አይዞህ ወንድሜ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማኅደር ያቀፈች የአገሬ ልጅ ናት። «እኔም የእናቴን ይዤ ነው» አለችና ማኅደሯን ከፈተች፤ የእሷም አስተርጓሚ 1935 ብሎ ትቶታል። ሁለታችንም ዕለቱን ጉዳያችን ሳይፈጸም ተመለስን። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ፤ ሊፍት ውስጥ ስልክ ተለዋወጥን።

አዲስ ትርጉም በፈረንጅ አቆጣጠር ከገባ በኋላ ሹመቱ ወጣ። ከዚያም አበዳሪ የጠየቀ እንደሆነ ተብሎ ሟች ካረፈችበት ቀን ስድስት ወር ይጠበቃል። ጋሼ በየሳምንቱ ይደውላል፤ ገንዘቡን የበላሁት ሳይመስለው አልቀረም፣ ይህ ከመስኮቱም በላይ አሞኛል።

እናንተ አሜሪካ ያላችሁ፣ ባንክ ስትሄዱ የወራሽ ስም አስመዝግቡ፤ ስም ያለበት ሂሳብ በፍርድ ቤት ሳያልፍ በሞት ምስክር ወረቀት ይከፈላል። ኑዛዜም ጻፉ፤ በሜሪላንድ ሁለት ምስክር ፊት ፈርማችሁ እነሱም ከፈረሙበት ይበቃል። ከአገር ቤት የሚመጣ ወረቀት ስታስተረጉሙ ደግሞ የፈረንጁን ዓመት አብራችሁ አስጽፉ።