መርፌ አይቶ በሚወድቅ ሰው ለምትተርቡ

«ይህን የሚያህል ሰው፣ ለዚህች መርፌ?» ትላላችሁ። አዎ፣ ለዚህች መርፌ! የወባ ትንኝ የምትወጋበት መርፌ ደግሞ ከዚህችም ታንሳለች፤ አልጋ ላይ የምትጥለውን ሰው ቁመት ለክታ አታውቅም።

አሰንዳቦ የግልገል ጊቤ ግድብ ጎረቤት ናት። ወባ እዚህ እንግዳ አይደለችም። ትኩሳት የያዘው ሰው ጣቱን ተወግቶ ደሙ ካልታየ ወባ ይሁን ሌላ በሽታ አይለይም። ዛሬ ጤና ጣቢያ በር ላይ የሳቃችሁበት ሰው ነገ ትኩሳት ሲነሳበት ቤቱ ተሸፋፍኖ ይተኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

«ወንድ ልጅ መርፌ ይፈራል?» ልብና የደም ሥር እስካለው ድረስ ይፈራል። ፍርሃቱ ሲበረታ ፎቢያ የሚባል ሕመም ነው፤ ከጭንቀት ሕመሞች አንዱ። ውሻ የሚፈራ አለ፣ ከፍታ የሚፈራ አለ፣ መብረቅ የሚፈራ አለ። ፍርሃቱ ከአደጋው ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር፣ 6 ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ሰውየውን ከሥራው ወይም ከሕክምናው ሲያስቀረው ሐኪም ፎቢያ ይለዋል።

«የአባ ጅፋር አገር ሰው እንዴት ይፈራል?» የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እኮ የምኒልክን ጉልበት መዝነው ገበሩና አገራቸውን ከጥፋት አተረፉ። የሚመዝን ፍርሃት አገር ያድናል። ፎቢያ የያዘው ሰው የታመመበት ሚዛኑ ነው። መርፌው እንደማይገድለው ከእናንተ በላይ ያውቃል፤ ሰውነቱ አልሰማ ብሎት ነው።

«ውሸቱን ነው የሚወድቀው!» እስቲ የደም ግፊቱን ለኩና ንገሩኝ። ውሻ የሚፈራ ሰው ልቡ ይመታል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ይሮጣል እንጂ ራሱን የሚስተው ከስንት አንዴ ነው። የደምና የመርፌ ፎቢያ ጠባዩ ሌላ ነው። ልብ መጀመሪያ ትፈጥናለች፣ ከዚያ ድንገት ትዘገያለች። ግፊት ይወርዳል፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ያንሳል። ጆሮ ይጮሃል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል። በዘርም ይሄዳል። «እንደ አባቱ ፈሪ» ያላችሁት ልጅ ከአባቱ የወረሰው ይህንኑ የግፊት መውረድ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ዘና ይበላ!» ለእሱ ዘና ማለት አይበጀውም፤ ግፊቱ ድሮውንም እየወረደ ነው! ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ላርስ ጎራን ኧስት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ያስተማረው ተቃራኒውን ነው። ክንድን፣ እግርንና ሆድን ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ወጥሮ መያዝ፣ ፊት ሞቅ ሲል መልቀቅ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና መወጠር። ይህ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የሚወጋው ክንድ ብቻ ይላላ። ነርሷም ጋደም አድርጋ ብትወጋው ይረዳዋል።

«ያዙትና ውጉት፣ ይለምደዋል!» አይለምደውም። አራት ሰው ጨምድዶት የተወጋ ልጅ ከመርፌው ጋር አራቱንም ሰዎች ይፈራል። መልመድ የሚመጣው በፈቃድና በደረጃ ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪ ኮቨር ጆንስ በ1924 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ ጥንቸል ፈሪ ሕፃን ጽፋለች። ልጁ የሚወደውን እየበላ ጥንቸሏን ከሩቅ አሳየችው፤ እየቆየች አቀረበችለት፤ በመጨረሻ በእጁ ዳሰሳት። ለመርፌም መንገዱ ያው ነው፦ መጀመሪያ ሥዕሉን ማየት፣ ቀጥሎ መርፌ የሌለውን ስሪንጅ መንካት፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው ሲወጋ ማየት፣ ከዚያ ራስ መወጋት። በየደረጃው ፍርሃቱ እስኪበርድ መቆየት ያስፈልጋል። መሃል ላይ ከሸሸ እፎይታው ራሱ «መሸሽ ያዋጣል» ብሎ ያስተምረዋል።

«አቦሉን ግጥም አድርጎ ይበርታ!» ቡናችን አይታማም። ግን ካፌይን ልብ ያስመታል፤ የተጨነቀን ሰው ይብስ ሊያስጨንቀው ይችላል። መርፌ ለሚፈራው ከመወጋቱ በፊት ውሃ ስጡት።

«ለፍርሃት ብሎ ጅማ ድረስ የሚሄድ ማን ነው?» ለጥርሱና ለዓይኑ የሚሄደው ሰው ነዋ! ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ መንገዱም ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም። አንድ ነገር ብቻ የሚፈራ ሰው እስከ 3 ሰዓት በሚወስድ አንድ ቀጠሮ እንኳ በጣም ሊሻለው ይችላል። ከእናንተ አንዱ ሚኒባስ ላይ አብሮት ይውጣና ወረፋውን ይጠብቅለት።