አልጋ በአልጋ

የአክስቴ ልጅ ለገና አዲስ አበባ ሊመጣ እንደሆነ የሰማሁት በነሐሴ ነው። ምነው ቸኮለ አትበሉ። ሰውየው የሚመጣው በቢዝነስ ክላስ ነው፤ ቢዝነስ ክላስ ደግሞ እንደ ኢኮኖሚው ቲኬት ቆርጠው፣ ሻንጣ አስረው ዘው የሚሉበት ነገር አይደለም። ይጠናል፣ ይመረመራል፣ ሌሊት ይታደርበታል።

ከቨርጂኒያ ደወለልኝና ሰላምታውን በሁለት ቃል ጨርሶ «ስማ፣ ኤክሴሉን ልኬልሃለሁ፤ አየት አድርገውና ሐሳብህን ንገረኝ» አለኝ። ከፈትኩት። ዐሥራ አንድ ዓምድ አለው። የወንበሩ ስፋት፣ የአልጋው ርዝመት በሴንቲሜትር፣ የትራሱ ብዛት፣ ፍራሽ ይነጠፋል ወይስ አይነጠፍም፣ ፒጃማ ይሰጣሉ ወይ፣ ሻምፓኙ የማን ነው፣ ላውንጁ ውስጥ ሻወር አለ ወይ፣ ሌላም ሌላም። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፣ «የመድረሻ ሰዓት» የሚል ዓምድ ግን አጣሁ። እኔ ኋላ ቀሩ አውሮፕላን ሰው የሚያደርስ ይመስለኝ ነበር።

ለመሆኑ እናንተ አንድ-ሁለት-አንድ እና ሁለት-ሁለት-ሁለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እንዲህ ሆናችሁ ነው ሰው መሃል የምትውሉት? የወንበር አደራደር ነው። በሁለት-ሁለት-ሁለት መስኮት ዳር የተቀመጠው መንገደኛ ሽንት ቤት ልሂድ ቢል የተኛ ጎረቤቱን እግር መሻገር አለበት። በአንድ-ሁለት-አንድ ግን ሁሉም ከወንበሩ ተነስቶ በቀጥታ መተላለፊያው ላይ ይቆማል። የሰው እግር መሻገር፣ በቢዝነስ ክላስ ሊቃውንት ዘንድ፣ ለጠላት የማይመኙት ውርደት ነው። ይህን ያስረዳኝ ከአራት ወንድሞቹ ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ፣ ግማሹ ራስጌ ግማሹ ግርጌ እየሆነ ያደገው የአክስቴ ልጅ ነው።

እንግዲህ የራሳችን አየር መንገድ ከዋሽንግተን ደለስ ተነስቶ በ13 ሰዓት ገደማ፣ የትም ሳያርፍ ቦሌ ያወርዳል። ወደ አሜሪካ ሲሄድ ነው መንገድ ላይ የሚያርፈው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠ፣ በስሱ አየር ውስጥ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብዳል። ከደለስ ሲነሳ ግን ይህ ጣጣ የለበትም። ክላውድ ናይን በሚሉት ቢዝነስ ክላሱ አልጋው ይዘረጋል፣ እንጀራ በወጥ ይቀርባል፣ ሆስተሷ «እንደምን አመሸህ» ትላለች። በኤክሴሉ ላይ ግን ይህ ሁሉ ቀይ ተቀብቶ አገኘሁት። ጥፋቱ ከጎኑ ተጽፏል፦ «በር የለውም።»

በር! የኳታር አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2017 ኪውስዊት የሚባለውን ባለ ተንሸራታች በር ወንበር ካወጣ ወዲህ፣ በር የሌለው ቢዝነስ ክላስ አጥር እንደሌለው ግቢ መታየት ጀምሯል። በሩ ጣሪያ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ፤ የቆመ ሰው ከላይ አሻግሮ ያይሃል። ግን በር በር ነው። ደግሞ መሃል ላይ ያሉት ወንበሮች ተገጥመው የሁለት ሰው አልጋ ይሆናሉ። የአክስቴ ልጅ የሚመጣው ብቻውን ነው። ቢሆንም ለዚህች ሙሉ ነጥብ ሰጥቷታል፤ ምን ይታወቃል።

ኤምሬትስ አስጨንቆት ነበር። ኤ380 ላይ ከሆነ ፎቁ ላይ ቡና ቤት አለ፤ ቆመህ መለኪያህን ይዘህ በ11,000 ሜትር ከፍታ ከማታውቀው ሰው ጋር ስለ ሥራ ታወራለህ። ነገር ግን ቆየት ባሉት የ777 አውሮፕላኖቹ ውስጥ ወንበሩ ሁለት-ሦስት-ሁለት ነው፤ ማለትም በቢዝነስ ክላስ ዋጋ መሃል ተቀምጠህ፣ በግራም በቀኝም ሰው ተጣብቆህ ልትሄድ ትችላለህ። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ። የሰው ሞት የሚያረዳ ነበር የመሰለው።

የቱርኩ ደግሞ በረጅም በረራ ነጭ ቆብ የደፋ ሼፍ አለው፣ ለእራት ሲሆን ትሪው ላይ በባትሪ የሚበራ ሻማ ይቀመጣል። የአክስቴ ልጅ ለሻማው አንድ ነጥብ ጨምሮ፣ እውነተኛ እሳት ስላልሆነ ግማሹን ቀነሰ። የእንግሊዙን አንስቼበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ለነጋዴው መንገደኛ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ አልጋ ይዞ የመጣው እሱ ነው። ብልሃቱም ግማሹን ወንበር ወደ ኋላ ማዞር ነበር። ስለዚህ ከጎንህ ያለው ሰው ፊቱ ወደ ፊትህ ነው፤ በመሃላችሁ ያለችው መጋረጃ እስክትነሳ ድረስ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ። ሁለታችሁም ብዙ ሺህ ዶላር ከፍላችሁ።

ምግቡን አልፈዋለሁ። ብቻ አንድ ነገር ልበል፦ በደረቅ አየርና በቀነሰ ግፊት ውስጥ የሰው ምላስ ጨውንም ስኳርንም እንደ ምድሩ አይለይም፤ አፍንጫውም ይደርቃል። ሊቃውንቱ ግን በዚያው በደነዘዘ ምላስ ወይኑን ያጣጥሙና «መጨረሻው ላይ የቼሪ ጣዕም አለው» ብለው ይጽፋሉ። ጎበዞች ናቸው።

እኔን የገደለኝ ግን የአየር ግፊቱ ነው። በድሮዎቹ አውሮፕላኖች ውስጥ ግፊቱ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደቆምክ ነው፤ አዲሶቹ፣ 787 እና ኤ350፣ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ አድርገውታል። «ልዩነቱ በሰውነትህ ይታወቅሃል፣ ትንፋሽህ ቀለል ይላል» አለኝ በታላቅ አክብሮት። ይህ ሰው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው የተወለደው። ከእንጦጦ ግርጌ ኳስ ሲራገጥ፣ ሽቅብ ውኃ ሲያመላልስ ያደገው አውሮፓውያን አውሮፕላን ውስጥ ሆነው ከሚያማርሩበት ከፍታ በላይ ነው። እናቱ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው፤ በየማለዳው በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ስመው ይመለሳሉ፣ ስለ ካቢን ግፊት አንድም ቀን ቅሬታ አላቀረቡም።

ለነገሩ ቢዝነስ ክላስ የሚባለውን ማን ፈጠረው? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የቅናሽ ቲኬት በበዛ ጊዜ፣ ሙሉ ዋጋ የከፈሉ የሥራ ሰዎች «በግማሽ ዋጋ ከገባ ቱሪስት ጋር እኩል ለምን እንቀመጣለን?» ብለው አጉረመረሙ። አየር መንገዶቹም በመጋረጃ ለዩዋቸው። ቢዝነስ ክላስ ማለት እንግዲህ ከቅናሽ ፈላጊ ማምለጫ ነበር። ዛሬ መጋረጃውን ገልጣችሁ ብትገቡ ምን ታገኛላችሁ? በማይል የመጣ፣ በጨረታ አፕግሬድ ያደረገ፣ አራት ወር ሙሉ ቅናሽ ሲያሳድድ የከረመ ሰው። እሱም ከጎኑ ያለውን ዞር ብሎ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «አንተ በስንት አገኘኸው?»

በኅዳር መጨረሻ ውሳኔው ተላለፈ። የመረጠውን አየር መንገድ ስም አልጠራም፣ ምንም አልበደለንም። በር አለው፣ ፒጃማ አለው፣ ላውንጁ ውስጥ ሻወር አለው። ሻወሩን ለመታጠብ ግን ትራንዚት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከደጃፉ ተነስቶ ቤቱ የሚያደርሰውን የ13 ሰዓት በረራ ትቶ፣ ሰባት ሰዓት ትራንዚት ያለበትን የ24 ሰዓት ጉዞ ገዛ። በረጅም ጉዞ ደግሞ ከአልጋው ይበልጥ ይጠቀማል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ።

ለገና ዋዜማ ማታ ቦሌ ተቀበልኩት። መኪና ውስጥ ገና ቀበቶውን ሳያስር ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳየኝ ጀመር። በሩ ሲከፈት። በሩ ሲዘጋ። ወንበሩ ሲዘረጋ፣ ሲታጠፍ፣ ደግሞ ሲዘረጋ። አልጋው ርዝመቱ የተባለውን ያህል መሆኑን በሜትር ለክቶ፣ ሦስት ሴንቲሜትር ጎድሎ አግኝቶታል።

«እንቅልፉስ?» አልኩት።

«የቱ እንቅልፍ?» አለኝ። «ያን ያህል ብር ከፍዬ ልተኛ?»

ቤት ስንደርስ አክስቴ እልል ብለው አገላብጠው ሳሙት። እሱም ከአውሮፕላኑ የተሰጠችውን ትንሽ ቦርሳ አውጥቶ በስጦታ ሰጣቸው፤ ካልሲ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ጣት የምታህል የጥርስ ሳሙና፣ የከንፈር ቅባት። የዓይን መሸፈኛውን አገላብጠው አዩና «ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው ልጄ?» አሉት።

«ለመተኛት ነው እማዬ። መብራት እንዳይረብሽ።»

አክስቴ ዓይኑን ትክ ብለው አዩት። እንደ በርበሬ ቀልቷል። ምንም አላሉም፤ ቡናውን ሊቆሉ ወደ ጓዳ ገቡ። የጎረቤቱ ሰው ሁሉ «እንኳን ደህና መጣህ» ሊል ሞልቶ ነበርና አሮጌው ሶፋ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ በግራው እኔ፣ በቀኙ አንድ የሰፈር ሽማግሌ። የቡናው ጢስ ሳሎን ሳይደርስ የአክስቴ ልጅ ማንኮራፋት ጀመረ። አንገቱን ሽማግሌው ትከሻ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በዘጠና ዲግሪ ቀጥ ብሎ፣ በር በሌለው፣ በሁለት-ሦስት-ሁለቱ መሃል ወንበር ላይ።