ይድረስ ለአባባ፣ ዳንግላ፦ በእግር ስለሚኖርበት ሰፈር

ሾው እና ዩ ስትሪት በዋሽንግተን ዲሲ ሰሜን ምዕራብ ክፍል የሚገኙ አሮጌ ሰፈሮች ናቸው። ያስከበራቸውም ኪራያቸውን የሰቀለውም አንድ ነገር ነው፤ ኗሪው ሱቅ፣ ባቡርና ቡና ቤት በእግሩ ይደርሳል። ይህ ለዳንግላ ሰው ወሬ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙው ሰው ዳቦ ለመግዛትም መኪና ስለሚያስነሳ፣ ቤት አከራዮች በማስታወቂያቸው ላይ «ዎክ ስኮር» የሚባል ከመቶ የሚታሰብ ማርክ ይለጥፋሉ። ከ90 በላይ ያገኘ አድራሻ የእግረኛ ገነት ይባላል። አባባ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ገነት ሲመላለሱ ኪራይ የጠየቃቸው የለም።

መንገዶቹ ለማወቅ አያስቸግሩም። ፈረንሳይ የተወለደው መሐንዲስ ላንፋን በ1791 (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የከተማዋን ንድፍ ሲያወጣ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርዱት በቁጥር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት በፊደል የሚጠሩበት ሥርዓትም ተወሰነ። ዘጠነኛውና ዩ የሚገናኙበትን ማዕዘን ለማግኘት መቁጠርና ፊደል መለየት ይበቃል፤ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። ጉዳቱም ይኸው ነው። ዳንግላ ላይ መንገድ የጠየቀ እንግዳ የማን ልጅ እንደሆነ ተመርምሮ፣ ከተቻለም ዝምድና ተገኝቶለት፣ ቡና ጠጥቶ ይሸኛል። እዚህ የጠየቀ ሰው ስልኩ ባትሪ እንደጨረሰ ይታወቅና ይታዘንለታል።

ሰፈሩ ዛሬ ያለው መልክ ብዙ ውጣ ውረድ አልፎበታል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው እንዲኖሩ በሚገደዱበት ዘመን፣ ዩ ስትሪት የጥቁር አሜሪካውያን ንግድና ጥበብ መናኸሪያ ሆነ። ሃዋርድ ቴአትር በ1910፣ ሊንከን ቴአትር በ1922 ተከፈቱ። የጃዙ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚሁ አካባቢ ነው፤ በ1973 አዲስ አበባ ሄዶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን መቀበሉን አዛውንቶች ያስታውሱታል። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሣው ሁከት ብዙ ሱቅ ተቃጠለ፣ ያልተቃጠለውም ባለቤቱ ዘግቶት ሄደ። ቀጥሎ ለምድር ውስጥ ባቡር ተብሎ ጎዳናው ለዓመታት ተቆፈረ። ባቡሩ በ1991 በሰፈሩ ሥራ ሲጀምር የቀረው ሰፈር ርካሽና ባዶ ነበር።

ሐበሻ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ከ1974 አብዮት በኋላ የተሰደዱት በመጀመሪያ የሰፈሩት ከዚህ ብዙም በማይርቀው አዳምስ ሞርጋን ነበር። እዚያ ኪራዩ ሲወደድ፣ በዲቪ የመጡትም ሲጨመሩ፣ ወደ ዘጠነኛው ጎዳና ወረዱ፤ ዓመታት የተዘጉት ሱቆች ክትፎ ቤት፣ ቡና ቤትና ሙዚቃ ቤት ሆኑ። በ2005 የጎዳናው ነጋዴዎች ቦታው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ እንዲሰየም ቢጠይቁ፣ የቆዩት ጥቁር አሜሪካውያን ኗሪዎች ታሪካችን ይዋጣል ብለው ተቃወሙ። ያን ሁሉ ያሳለፈ ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ሎስ አንጀለስ ግን ስያሜውን ለፌርፋክስ ጎዳና በ2002 አጽድቃ ነበር።

ቤቶቹ አብዛኛዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤቶች ናቸው። ጎረቤት ሲያስነጥስ ይሰማል፤ በግድግዳ በኩል «ይማርህ» ማለት ግን አልተለመደም። የዩ ስትሪት አካባቢ ከ1998 ጀምሮ በታሪካዊነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ ባለቤቱ የፊት ለፊቱን መስኮት ወይም በር ለመቀየር የቅርስ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። መስኮቱ ነፋስ ቢያስገባም ነፋሱ ታሪካዊ ነውና መታገሥ ግድ ነው። አዲስ አበባ ላይ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በ2024 እንዴት በፍጥነት እንደፈረሱ የሰማ ሰው፣ እዚህ አንድ የበር ጉበን ስንት ስብሰባ እንደሚያስቀምጥ ቢያይ ይገረማል። በዚህ አያያዝ ዳንግላም ከመዝገቡ አትቀርም ነበር፤ ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠባትና የአባይን መንገድ ያጠናው ሜጀር ቺዝማን ብቻውን ይበቃት ነበር።

ለአዊ ሰው ልዩ ትኩረት የሚያሻው የቤቶቹ ጓሮ ነው። ከጀርባቸው ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች፣ በተለይም ብላግደን አሊ እና ኔይለር ኮርት በሚባሉት፣ ድሮ የፈረስ ጋጣዎች ነበሩ። ጋጣዎቹ ዛሬ ታድሰው ምግብ ቤትና መኖሪያ ሆነዋል፤ የዱሮው በር ካልጠፋ ዋጋቸው ይጨምራል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱን ሸልሞ የሚወጣ የአገው ፈረሰኛ፣ ፈረሱ ያደረበትን ቤት ሰው ተበድሮ እንደሚገዛው ቢነገረው በቀላሉ አያምንም።

ከአገር ቤት ለመጣ ሰው አቅሙ የሚፈቅድለት ምድር ቤቱ ነው። ምድር ቤት ግማሹ ከመሬት በታች፣ መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል የሆነ ክፍል ነው። ኗሪው ጎረቤቶቹን በጫማቸው ይለያል፤ በመልክ ሲያገኛቸው ግን አያውቃቸውም። ጠዋት ጠዋት ከጫማው ጋር አራት የውሻ እግር ያልፋል። ውሻውን የሚያናፍሰው ሰው ውሻው የጣለውን በላስቲክ ከረጢት አንሥቶ ይዞ እንዲሄድ ሕግ ያስገድደዋል፤ ይህን እናቶች ፊት ባያነቡት ይሻላል። ሰላምታውም እንደ መንገዱ አጭር ነው። ከእንጅባራ ገበያ እስከ ቤት ድረስ የቤተሰቡን፣ የከብቱንና የሰብሉን ደህንነት ጠይቆ የማይጨርስ ሰው፣ እዚህ «ሃይ» ተብሎ ሲታለፍ የተጣሉት ይመስለዋል።

የሰፈሩ ትልቁ ግራ ነገር ኪራዩ ነው። በባዶዎቹ ሱቆች ላይ ነፍስ የዘሩት ሐበሾች ሰፈሩ ሲያምር ኪራዩን መቋቋም አቅቷቸው፣ ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጡ። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ በእግር ወደሚኖርበት ሰፈር ክትፎ ለመብላት በመኪና ይመጣሉ። ማቆሚያ ፍለጋ አንዱን ማዕዘን ደጋግመው ሲዞሩ የእግረኛ ገነትነቱ ለእግረኛው ብቻ መሆኑ ይገባቸዋል። በየምሰሶው ላይ ሦስትና አራት ምልክት ተደራርቦ ተሰቅሏል፤ የሰፈሩ ፈቃድ የሌለው መኪና በአብዛኛው ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆምም። ሁለት ሰዓት ደግሞ ለሐበሻ ክትፎ ማዘዣ እንጂ መብያ አይሆንም፤ ቡናውማ ገና አልተቆላም።

መልስ ለሚጽፍ ወይም በርበሬ ለሚልክ ሰው አድራሻው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከተማዋ ከአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ተነሥታ በአራት ስለተከፈለች፣ አንድ ዓይነት ቁጥርና ፊደል ያለው አድራሻ ከአንድ በላይ ቦታ ሊገኝ ይችላል። «ሰሜን ምዕራብ» የሚለው ከተዘነጋ የእማማ በርበሬ ደቡብ ምሥራቅ ያለ ሰው ወጥ ውስጥ ይገባል። የሾው የፖስታ ቁጥር 20001 ነው።