ሽልማት ያማረኝ ሰሞን

ነገሩ የተጀመረው ፐርሰንቱ ቡና ሊጠጣ ቤታችን የመጣ ቀን ነው። ፐርሰንቱ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለን ጓደኞቹ ያወጣንለት ነው። ቦርሳው ውስጥ ሰባት ክሬዲት ካርድ አለ። በእያንዳንዱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በእስክሪብቶ ጽፎበታል፦ «ጋዝ»፣ «ግሮሰሪ»፣ «ምግብ ቤት»፣ «አውሮፕላን»። ምግብ ቤት ገብተን ሒሳብ ሲመጣ እኛ «በሞቴ እኔ ልክፈል» እያልን ስንጓተት፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ፕላስተር ያነባል።

የዚያን ቀን ቴሌቪዥናችን ላይ የተደረደሩትን የስትሪሚንግ ምልክቶች አየና፣ «እነዚህን ሁሉ በምንድን ነው የምትከፍላቸው?» አለኝ።

«በዴቢት ካርዴ ነዋ።»

ስኒውን አስቀመጠ። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «በዴቢት! አምስት ሳንቲም ሳይመልሱልህ! ለስንት ዓመት?»

እውነቱን ለመናገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምንም የጎደለብኝ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ የሚባል አጣሁ።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። እንጀራ የገዛንበትን ደረሰኝ ገለበጥኩና ጀርባው ላይ ሒሳብ ጀመርኩ። በወር የምንከፍለው ለአራት ነው። አንዱ የልጆቹ፣ አንዱ የባለቤቴ፣ አንዱ ኳስ ሲኖር ብቻ የምከፍተው የኔ። አራተኛው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ተደምሮ በወር 58 ዶላር፣ በዓመት 696።

አያቶቻችን ሙሽራ ሲመርጡ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፤ እኔ ሦስት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ፐርሰንት ቆጠርኩ። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በቆንጆዋ ላይ ነው፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስ «ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ»። ለስትሪሚንግ 6 ከመቶ ትመልሳለች። ግን ጥሎሽ አላት፤ በዓመት 95 ዶላር። እኛ አገር ጥሎሽ የሚሰጠው አንዴ ነው፤ እሷ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ትጠይቃለች። ከ696 ዶላር 6 ከመቶው 41 ዶላር ከ76 ሳንቲም ነው። ጥሎሹ ሲቀነስ በትዳሩ 53 ዶላር ከስሬ እወጣለሁ ማለት ነው። በስትሪሚንግ ብቻ 95ቷን ዶላር ለመመለስ በወር 132 ዶላር የሚያወጣ ፊልም ማየት አለብኝ። ያን ያህል ለማየት ደግሞ ሥራ መልቀቅ ሊኖርብኝ ነው፤ ሥራ ከለቀቅኩ ካርዱን ማን ይሰጠኛል?

ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አየችና፣ «ግሮሰሪም 6 ከመቶ ይላል እኮ» አለች። እውነቷን ነው፤ በዓመት እስከ 6,000 ዶላር ድረስ ሱፐርማርኬት ለሚገበይ ሰው ጥሎሹን ከነትርፉ ትመልሳለች። የኛ ገንዘብ ግን የሚያልቀው ሐበሻ ሱቅ ነው። እዚያ በሩ ላይ «ከ10 ዶላር በታች በካሽ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከ10 በላይም ቢሆን ካርድ ስታወጣ የባለሱቁ ፊት ይጠቁራል።

ሁለተኛዋ የዩ.ኤስ. ባንክ «ካሽ ፕላስ» ነች። 5 ከመቶ ትሰጣለች፣ ጥሎሽም የላትም። ነገር ግን በየሦስት ወሩ ገብተህ «አሁንም የምመርጠው ቴሌቪዥንና ስትሪሚንጉን ነው» ብለህ ማረጋገጥ አለብህ። ከረሳህ አኩርፋ ወደ 1 ከመቶ ትመለሳለች። እኔ የጋብቻ በዓላችንን እንኳን በዓመት አንዴ አስታውሼ የማላውቅ ሰው ነኝ።

የቀሩት ጭምቶቹ ናቸው። የካፒታል ዋን «ሴይቨር» እና የዌልስ ፋርጎ «ኦቶግራፍ» የዚህ ወገን ናቸው፤ 3 ከመቶ ወይም ለአንድ ዶላር ሦስት ነጥብ፣ ጥሎሽ የለ፣ ኩርፊያ የለ። ከነዚህ ወገን አንዷን አመለከትኩ። የትኛዋን እንደሆነ አልናገርም፤ የሆነው ሁሉ የራሴ ጥፋት ነውና ስሟን በከንቱ አላነሳም። በዓመት የማገኘው 20 ዶላር ከ88 ሳንቲም ነው። አንድ ክትፎ! ያውም ቲፑን ከኪሴ ጨምሬ።

እ.ኤ.አ. በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬስኖ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ለ60,000 ያህል ነዋሪዎች ማንም ሳይጠይቀው ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ሰዎቹ ደጃቸው ላይ አገኙት። እኔ ያንኑ ነገር ከስድሳ ምናምን ዓመት በኋላ ለምኜ፣ ደመወዜን ተናግሬ፣ ክሬዲቴን አስመርምሬ አስመጣሁት። ፖስታውን ስከፍት ልጆቹን ጠርቼ አሳየኋቸው።

የመጀመሪያው ወር ሒሳብ ሲመጣ ግን አንደኛው ስትሪሚንግ 3 ሳይሆን 1 ከመቶ ተቆጥሯል። ደወልኩ። ለካ ባንኩ ፊልም አያይም! የሚያየው ገንዘቡን የጠየቀው ነጋዴ በየትኛው ባለ አራት አሃዝ ኮድ እንደተመዘገበ ብቻ ነው። ያ ስትሪሚንግ ደግሞ ከስልካችን ጥቅል ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ፣ በባንኩ ዓይን እኛ በየወሩ የምናየው ድራማ ሳይሆን ስልክ ነው።

ወንድነቴ ተነሳ። ከስልኩ ጥቅል አስወጣሁትና በቀጥታ ራሴ ተመዘገብኩ። በሚቀጥለው ወር 54 ሳንቲም ተመለሰልኝ። በጥቅሉ ውስጥ 13 ዶላር የነበረው ክፍያ ለብቻው 18 ዶላር መሆኑንም ያወቅኩት በዚያው ወር ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።

ይህን ሁሉ ከሶፋው ሆና የምትታዘበው እናቴ ናት። ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። አራቱንም ስትሪሚንግ ከፍቼ አሳይቻት ነበር፤ «እንግሊዝኛ ሲጯጯህ ራሴን ያመኛል» ብላ ትታዋለች። የምታየው ዩቲዩብ ላይ የአማርኛ ድራማ ነው፤ በነጻ።

«ቆይ እስቲ» አለችኝ አንድ ማታ፣ «ገንዘብ ስታወጣ ነው የሚሸልሙህ?»

«አዎ እማዬ።»

«ስትቆጥብስ?»

«ስቆጥብ... አይሸልሙም።»

«ታዲያ ሽልማቱን ከማን አምጥተው ነው?»

አስረዳኋት። ካርድ በተቀበለ ቁጥር ነጋዴው ከመቶ ዶላር ላይ ሁለት ዶላር ገደማ ይቆረጥበታል፤ ባንኩ ከዚያ ላይ ቆንጥሮ ለኔ ይሰጠኛል። ነጋዴውም ዝም አይልም፣ ዋጋው ላይ ይጨምራል፤ ዋጋው በካሽ ለሚከፍለውም ያው ነው። ደግሞ በወሩ መጨረሻ ዕዳውን ጠቅልሎ ያልከፈለ ሰው አለ፤ እሱ ላይ በዓመት ከ20 ከመቶ በላይ ወለድ ይታሰብበታል።

እናቴ ጥቂት ዝም አለች። አርባ ዓመት እቁብ የጣለች ሴት ናት፤ ሒሳብ በወረቀት አትሠራም።

«ለዚህ ነው ለካ ባለሱቁ ፊቱን የሚያጠቁርብህ» አለች። «እቁብ ሲወጣ እንኳ ከማን እጅ እንደመጣልህ ታውቃለህ፤ ነገ ደግሞ ለእሱ ትጥላለህ። ያንተ 54 ሳንቲም ግን ካልሞላለት ሰው ኪስ የወጣ ነው።»

የምመልሰው አጣሁ። ወሬ ለማስቀየር ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። ድራማው ልብ የሚሰቅል ቦታ ላይ ደርሶ፣ አማቲቱ በሩን ልትከፍት እጇን ስትሰድ ማስታወቂያ ገባ። በዚህን ጊዜ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ዩቲዩብም ያለ ማስታወቂያ የሚታይበት ወርሃዊ ክፍያ አለው፤ ያኔ 14 ዶላር ገደማ ነበር። በካርዴ ዝርዝር ውስጥም ተቆጥሯል፤ አይቼዋለሁ። 3 ከመቶ! በየወሩ 42 ሳንቲም ሊገባልኝ ነው!

«እማዬ፣ ይሄን ማስታወቂያ ላጥፋልሽ?» ብዬ ካርዱን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

እሷ ግን ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ወጥ ቤት መንገድ ጀምራለች።

«ተወው የኔ ጌታ» አለች ዞር ሳትል፣ «እሱ ሲመጣ ነው እኮ ተነስቼ ጀበናዬን የማየው።»